አሚልካር ካብራል ታጋይ የሆነው መቼ ነው? ስለ ወጣትነቱ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ለታሪክ ክበብ ተማሪዎቼ ስለ አሚልካር ካብራል ልጅነትና ወጣትነት ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀምሬ የማይገጣጠሙ ሁለት ትረካዎች አጋጠሙኝ። አንደኛው የድሃ ገበሬ ልጅ እንደነበረ፣ ሕፃን ሳለ ወገኖቹ በረሃብ ሲያልቁ አይቶ ቅኝ ገዥዎችን ለመታገል እንደማለ ይናገራል። ሁለተኛው ፖርቱጋል በነጻ አስተምራ፣ በደመወዝ ቀጥራ ያኖረችው ሰው እንደሆነና ወደ ትግል የገባውም ከሥራው በመባረሩ ቂም ይዞ መሆኑን ያትታል። የትኛውን ልቀበል? ለመሆኑ የጊኒ ቢሳው ሰው ነው ወይስ የኬፕ ቨርዴ? ታሪኩንስ ከየት ብጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም እንዳሉ አይቀበሏቸው። እያንዳንዳቸው እውነት የሆነ ነገር ይዘዋል፤ የሚስቱት ግን በአንድ መንገድ ነው። የአንድን ሰው የሠላሳ ዓመት ጉዞ በአንድ ክስተት ሊፈቱት ይሞክራሉ፤ አንደኛው በረሃብ፣ ሌላኛው በመባረር። የጊኒ ቢሳውንና የኬፕ ቨርዴን የነጻነት ትግል የመራው ካብራል ስለ ቅኝ አገዛዝ የነበረው ግንዛቤ ግን በባፋታ፣ በፕራያ፣ በሚንዴሎ፣ በሊዝበንና በቢሳው እየተጠራቀመ የመጣ ነው። ቅሬታውንና ንባቡን ወደ ትግል ዕቅድ ለመለወጥ ያስቻለው ደግሞ ራሱ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በመደበኛ ሥራነት የሰጠው የ1953ቱ የግብርና ቆጠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጽሑፍዎን ከዚያ እንዲጀምሩ የምመክረውም ስለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ግን መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ።

«ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ይህን የምለው በአማርኛ በተጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ውስጥ የሁለቱ አቆጣጠሮች መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ ነው። ካብራል የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1924 ነው፤ ይህም በእኛ መስከረም 2 ቀን 1917 ዓ.ም. ይሆናል። ዕለቱ የእንቁጣጣሽ ማግሥት በመሆኑ ስምንት ዓመት ቀንሶ 1916 ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ልደቱን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል።

«የድሃ ገበሬ ልጅ» የሚለው አገላለጽ ትክክል አይደለም። አባቱ ዡቬናል ካብራል ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ትልቋ ከሆነችው ከሳንቲያጎ ተነሥቶ ወደ ፖርቱጋል ጊኒ (ወደ ዛሬዋ ጊኒ ቢሳው፤ ከዚህ በኋላ «ጊኒ» የምላት) የሄደ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በወጣትነቱ ለክህነት ተምሮ ሳይፈጽመው የቀረ፣ መጻፍ የሚወድ፣ በሳንቲያጎም በውርስ ያገኘው መሬት የነበረው ሰው ነው፤ ስለ ደሴቶቹ ድርቅ ለቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣናት እስከ መጻፍ ደርሷል። በሌላ አነጋገር ፊደል የቆጠረና ርስት የነበረው፣ ፖርቱጋልንም እንደ አገሩ የሚያይ ሰው ነበር። እናቱ ኢቫ ፒኜል ኤቮራ ግን ከዝቅተኛ ቤተሰብ የተገኘች፣ በራሷ ጉልበት የምትኖር ሴት ነበረች። ወላጆቹ አብረው አልዘለቁም፤ በኋላ በሚንዴሎ ልጆቿን ያሳደገችው ልብስ እየሰፋችና በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ በዝቅተኛ ክፍያ እየሠራች ነው። ስለዚህ ካብራል በአባቱ በኩል የተማረውንና ባለመሬቱን፣ በእናቱ በኩል የቀን ሠራተኛዋን ኑሮ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አይቷል። ተማሪዎችዎ ይህን ቢያውቁ «ድሃ ነበር» ወይም «ሀብታም ነበር» ከሚለው ክርክር ይድናሉ።

የትውልድ አገሩ ጥያቄም ከዚሁ የቤተሰብ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የተወለደባት ባፋታ በጌባ ወንዝ ዳር፣ ከጠረፉ ወደ መሀል አገር ገባ ብላ የምትገኝ የጊኒ ከተማ ናት፤ አባቱና እናቱ ግን የኬፕ ቨርዴ ሰዎች ናቸው። ይህ የቤተሰቡ ብቻ አጋጣሚ አልነበረም። ጊኒ እስከ 1879 ድረስ የምትተዳደረው ከኬፕ ቨርዴ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ግብር ሰብሳቢውና ነጋዴው ብዙውን ጊዜ ከደሴቶቹ የመጣ ሰው ነበር። በሕግም ልዩነት ነበር። በጊኒ አብዛኛው ሕዝብ «ተወላጅ» በሚል መደብ ተመዝግቦ የዜግነት መብት ሳይኖረው ለግዴታ ሥራና ለልዩ ግብር ሲዳረግ፣ የኬፕ ቨርዴ ሰዎች በዚህ ሕግ ሥር አልነበሩም። በ1950 በተደረገው ቆጠራ ከ500,000 በላይ ከሚሆነው የጊኒ ሕዝብ መካከል «የሠለጠነ» ተብሎ የተመዘገበው፣ አውሮፓውያኑ ተጨምረው፣ ከ9,000 ያነሰ ነው። ካብራል ከልደቱ ጀምሮ በዚህ ትንሽ ቁጥር ውስጥ የተካተተ ሰው ነበር፤ በባፋታ የጎረቤቶቹ ልጆች ግን አልነበሩም።

እንግዲህ «ጊኒያዊ ነው ወይስ ኬፕ ቨርዳዊ» ለሚለው፣ በትውልድ ቦታው ጊኒያዊ፣ በወላጆቹና በአስተዳደጉ ኬፕ ቨርዳዊ ነው ብለው ይጻፉ፤ ከሁለቱ አንዱን አይሰርዙ። የመሠረተው ድርጅት (የጊኒና የኬፕ ቨርዴ የአፍሪካ ነጻነት ፓርቲ) በስሙ ውስጥ ሁለቱንም አገሮች የያዘው፣ አንድነታቸውንም ዓላማው ያደረገው በከንቱ አይደለም። በጊኒ ሰዎችና በደሴቶቹ ሰዎች መካከል የነበረው መጠራጠር ግን በንግግር የሚጠፋ አልሆነም። ካብራል በጃንዋሪ 20 ቀን 1973 በጎረቤቷ ጊኒ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ኮናክሪ ላይ የተገደለው በገዛ ድርጅቱ አባላት እጅ ሲሆን፣ ፖርቱጋሎች ሲያራግቡት የኖሩት ይህ ቅራኔ በሴራው ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ወንድሙና የጊኒ ቢሳው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሉዊስ ካብራል በ1980 በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርድም የሁለቱ አገሮች የአንድነት ዕቅድ አብሮት ወደቀ። የቤተሰቡን አመጣጥ በአንድ መስመር አልፎ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ኋላ የመጡ ነገሮች ማስረዳት ያቅተዋል።

ቤተሰቡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኬፕ ቨርዴ ተመለሰ። ካብራል ፊደል የቆጠረው ዘግይቶ፣ በሳንቲያጎ ባለችው ዋና ከተማ በፕራያ ነው፤ ከዚያም በደሴቶቹ ብቸኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደነበረባት ወደ ሚንዴሎ፣ ሳኦ ቪሴንቴ ደሴት፣ ተሻግሮ በ1944 ትምህርቱን ጨረሰ። ሚንዴሎ በእንፋሎት መርከቦች ዘመን የድንጋይ ከሰል መቅጃ ሆና የበለጸገች፣ እሱ በደረሰበት ጊዜ ግን ወደቧ የተዳከመባት፣ ሥራ አጥ የበዛባት ከተማ ነበረች። ከዚያችው ከተማ በ1936 «ክላሪዳዴ» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ባልታዛር ሎፔስም በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ተማሪው ካብራል የራሱን የቤተሰብ ስም ገልብጦ «ላርባክ» በሚል የብዕር ስም ግጥም ይጽፍ ነበር። ግጥሞቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ባሕርና በውኃ ተከበው ስለሚኖሩ ሰዎች ናፍቆት የሚያወሩ ናቸው፤ ሥልጣን ይልቀቁ፣ ነጻነት ይሰጠን የሚል ጥሪ በውስጣቸው የለም። ይህን ያሠመርኩበት «በልጅነቱ ማለ» የሚለው ትረካ በዚያ ዘመን በጻፈው ነገር የማይደገፍ ስለሆነ ነው።

ስለ ረሃቡ የሚነገረው ግን ሰፋ አድርጎ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ስሕተቱ የዘመን ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን የምክንያትም ነው። በ1940ዎቹ ኬፕ ቨርዴን ሁለት ታላላቅ ረሃቦች መትተዋታል። የመጀመሪያው ከ1941 እስከ 1943፣ ሁለተኛው በ1947ና በ1948 ነው። ሕዝቧ ከ200,000 ባነሰበት ዘመን በሁለቱ ያለቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ 50,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በመጀመሪያው ጊዜ ካብራል ሕፃን ሳይሆን ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆነው የሚንዴሎ ተማሪ ነበር፤ እልቂቱ የከፋው ደግሞ በፎጎና በሳኦ ኒኮላው ደሴቶች እንጂ እሱ በነበረበት ደሴት አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ ሊዝበን ውስጥ ነበር። ረሃቡ አልነካውም ማለቴ አይደለም፤ ነክቶታል፣ ዕድሜውን ሙሉም አንሥቶታል። ነገር ግን ሬሳ ሲለቀም ያየ ሕፃን አድርጎ መሳል ታሪክን በልብ ወለድ መተካት ነው።

የምክንያቱ ጉዳይ ከዚህ ይበልጣል። ኬፕ ቨርዴ በሳህል መስመር ላይ ያለች በመሆኗ ዝናቧ ጥቂት ወራት ብቻ ይቆያል፤ እሱም ቢሆን አይታመንም። ድርቅ ግን በራሱ ሰው አይጨርስም። በሳንቲያጎ ሰፊው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ጭሰኛውና እኩል አራሹ በሌላ ሰው መሬት ላይ፣ ገደላማ ተዳፋት ላይ ሳይቀር፣ በቆሎ ይዘራ ስለነበር አፈሩ በየክረምቱ ይታጠብ ነበር። የክፉ ቀን ጎተራ የለም፤ መንግሥት እህል አያስገባም፤ ሳንሱሩ ወሬው እንዳይወጣ ያግዳል፤ ለተራበው ሰው የተከፈተለት አንድ በር ቢኖር በውል ስም ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች መጋዝ ነበር። ወጣቱ ካብራል ከረሃቡ የወሰደው ትምህርት «ፖርቱጋሎች ጨካኞች ናቸው» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕግ ወይም ሥነ ጽሑፍ ሊያጠና ይችል ነበር፤ እሱ የመረጠው አፈርን ማጥናት ነው። ምርጫው ስለ ረሃቡ መንሥኤ የነበረውን አስተሳሰብ ከማንኛውም መሐላ በተሻለ ያሳያል።

ሁለተኛው ትረካ «ፖርቱጋል በነጻ አስተማረችው» ሲል እውነት አለው፤ በፕራያ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ለጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1945 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሊዝበን በሚገኘው ከፍተኛ የግብርና ተቋም ገብቷል። ነገር ግን ነገሩን እንደ ችሮታ ማቅረብ ያሳስታል። በዚያን ጊዜ በፖርቱጋል የአፍሪካ ግዛቶች ሁሉ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ አንጎላና ሞዛምቢክ እንኳ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ያዩት በ1960ዎቹ ነው። ፖርቱጋል ግዛቶቿን ለማስተዳደር የአገሩን ቋንቋና ጠባይ የሚያውቅ ጥቂት ባለሙያ ያስፈልጋት ስለነበር ጥቂቶችን ታስተምር ነበር። ካብራልም ከተሰጠው ገንዘብ በተጨማሪ ሌሎችን እያስጠና ነው የተማረው።

ሊዝበን ሁለት ነገር ሰጠችው። አንደኛው የፖርቱጋል ሕዝብ ራሱ በሳላዛር አምባገነንነት ሥር እንደሚኖር በዓይኑ ማየቱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት ተማሪዎች ምርጫና ነጻ ፕሬስ ሲጠይቁ ከጎናቸው ቆሟል፤ ፖርቱጋላዊቷን የትምህርት ጓደኛውን ማሪያ ኤሌና ሮድሪጌስንም በ1951 አግብቷል። ኋላ በነጻነት ጦርነቱ ዘመን ሁሉ «የምንዋጋው ከቅኝ አገዛዙ ጋር እንጂ ከፖርቱጋል ሕዝብ ጋር አይደለም» የሚለው አቋሙ ለዲፕሎማሲ የተፈጠረ አልነበረም ለማለት የሚያስደፍረን ይህ ዘመን ነው። ሁለተኛው ከሌሎች ግዛቶች ከመጡ አፍሪካውያን ጋር መገናኘቱ ነው። መንግሥት በ1944 የግዛት ተማሪዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ለመቆጣጠር የፈቀደው የተማሪዎች ቤት የተቃውሞ መፍለቂያ ሆነበት። ካብራል፣ በኋላ የአንጎላ ፕሬዚዳንት የሆነው አጎስቲኖ ኔቶ፣ ማሪዮ ፒንቶ ደ አንድራዴና ሌሎችም እዚያ ተዋወቁ፤ በ1951ም በአንድ የሳኦ ቶሜ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ውስጥ የአፍሪካ ጥናት ማዕከል አቋቁመው ትምህርት ቤት ያላስተማራቸውን፣ የየአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና እርሻ እርስ በርሳቸው መማማር ጀመሩ። ካብራል በዚያ የተወጣው ድርሻ እንደተለመደው ስለ መሬትና ስለ ገበሬ ነበር።

በ1949 ለዕረፍት ወደ ፕራያ በተመለሰ ጊዜ ስለ ደሴቶቹ አፈርና ስለ መሸርሸሩ በአካባቢው ሬዲዮ ንግግር ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ከለከሉት። ስለ አፈር መናገር ለምን ያስፈራል ብለው ተማሪዎችዎን ቢጠይቋቸው ጥሩ ውይይት ይወጣዋል፤ መልሱ ከላይ ስለ ረሃቡ በተነገረው ውስጥ አለ። የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው ደግሞ በደቡብ ፖርቱጋል፣ በአሌንቴዦ ክፍለ ሀገር፣ ኩባ በምትባል ወረዳ የአፈር መሸርሸር ላይ ነው። ይህችን ወረዳ ከካሪቢያኗ ኩባ ጋር እንዳያምታቷት ይጠንቀቁ፤ ተማሪ ሳለ ወደ ሃቫና ያደረገው ጉዞ የለም። አሌንቴዦ ሰፋፊ የባለርስት እርሻዎችና መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች የሞሉበት አካባቢ በመሆኑ፣ የአፈር መጎዳት ከመሬት ይዞታ ጋር የተሳሰረ መሆኑን በቅኝ ገዥዋ አገር ውስጥ ሳይቀር አጥንቷል።

በ1952 ከባለቤቱ ጋር ቢሳው ገብቶ በከተማዋ ጠርዝ ባለው የፔሱቤ የግብርና ምርምር ጣቢያ በመንግሥት የግብርና ባለሙያነት ሥራ ጀመረ። ፖርቱጋል የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባዘጋጀው ዓለም አቀፍ የግብርና ቆጠራ ለመሳተፍ ቃል ገብታ ስለነበር የጊኒው ክፍል በ1953 ለእሱ ተሰጠው። ወራት በፈጀው ሥራ አገሩን ከጠረፍ እስከ ምሥራቅ ዞሮ፣ ከ2,000 በላይ የገበሬ ማሳዎች ተጠንተው፣ ማን ምን እንደሚዘራ፣ ምን ያህል እንደሚያመርት፣ ማሳውን እንዴት እንደሚያፈራርቅ በየብሔረሰቡ ተለይቶ ተመዘገበ። ውጤቱ በ1956 በቅኝ ግዛቱ የባህል መጽሔት ታትሟል። ከታጋይ ካብራል በፊት የምናገኘው ይህን ባለሙያ ነው፤ ሥራው ለሽፋን የተሠራ ሳይሆን በሙያው መለኪያ የሚያስመሰግን ነበር። «ቆጠራውን ለጦርነት ስለላ ተጠቀመበት» የሚለውን አንዳንድ ጊዜ የሚሰማ አባባል አይድገሙት፤ በ1953 የታቀደ ጦርነት አልነበረም።

ቆጠራው ያሳየው ነገር ግን ከማንኛውም የሊዝበን መጽሐፍ የማይገኝ ነበር። በጠረፉ የሚኖሩት ባላንታዎች የማንግሮቭ ረግረጉን በግድብ እየከለሉ ጨዋማውን ውኃ አስወጥተው ሩዝ የሚያለሙ፣ ታላላቅ ባላባቶች የሌሏቸው፣ በሽማግሌዎች ምክር የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። በምሥራቅ ያሉት ፉላዎች ግን በአለቆችና በተራው ሕዝብ የተከፈሉ ሲሆን፣ አለቆቹ የፖርቱጋል አስተዳደር የሥራ እጅ ሆነው ግብር ያስገባሉ፣ ሰው ለግዴታ ሥራ ያቀርባሉ። ኦቾሎኒ ለወደብ እንጂ ለቤት የማይዘራ፣ መሬትን የሚያደክም፣ ዋጋውም እንደ ካዛ ጎቬያ ባሉ የንግድ ኩባንያዎች የሚቆረጥ ሰብል ነበር። ከሁሉ በላይ ወሳኙ ግኝት ይህ ነው፦ በጊኒ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች የገበሬውን መሬት አልነጠቁም ነበር። ገበሬው መሬቱ በእጁ ነው፤ የሚዘረፈው በግብር፣ በዋጋና በግዴታ ሥራ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ነጥብ ልዩ ትርጉም አለው፤ በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች ይዘውት የወጡት «መሬት ለአራሹ» በጊኒ ገጠር ማንንም አያንቀሳቅስም ነበር። ካብራል ከሌላ አገር የተቀዳ መፈክር ይዞ አለመነሣቱ፣ በየአካባቢው ገበሬውን በሚነካው ነገር፣ በሩዝ ዋጋ፣ በግብር፣ በአለቃው በደል መጀመሩ የመጣው ከዚህ ዕውቀት ነው። በ1963 የትጥቅ ትግሉ በደቡብ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተዋጊዎች በብዛት ከባላንታ መምጣታቸው፣ የፉላ አለቆች ደግሞ ከፖርቱጋል ጎን መቆማቸው ቆጠራው ካሳየው የማኅበረሰብ ካርታ ጋር የሚገጥም ነው።

አሁን ወደ «መባረሩ» እንምጣ። በ1954 አካባቢ ካብራልና ጓደኞቹ በቢሳው የስፖርትና የመዝናኛ ማኅበር ለማቋቋም ሞክረው ነበር፤ ማኅበሩ «ተወላጅ» የተባሉትንም ስለሚያቅፍ አስተዳደሩ አልፈቀደም። በ1955 ጊኒን ለቀቀ። ለረጅም ጊዜ የሚነገረው ገዥው እንዳስወጣው፣ በዓመት አንዴ ቤተሰቡን ለመጠየቅ ብቻ እንዲገባ እንደፈቀደለት ነው። ሰነድ የመረመሩ የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች ግን እሱና ባለቤቱ በወባ ታመው በሕመም ፈቃድ መሄዳቸውን ያመለክታሉ። ለእርስዎ ጥያቄ ሁለቱም ወደ አንድ መልስ ያደርሳሉ፤ ከ1955 በኋላም እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ በፖርቱጋልና በአንጎላ በግብርና ባለሙያነት ጥሩ ሥራ ነበረው። እንጀራውን ያጣ ሰው ቂም ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ ይፈርሳል። ወደ ትግል የገባው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራውን ትቶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምንጮቹ ልክ ሦስት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ስለ ልጅነቱና ስለ እናቱ ድካም የምናውቀው ብዙው ነገር እሱ ራሱ በ1960ዎቹ የድርጅቱን ካድሬዎች ሲያስተምር የተናገረው ነው፤ እነዚህ ንግግሮች ሐቀኛ ቢሆኑም ዓላማቸው ተዋጊ ማነጽ ስለነበር ያለፈውን ሁሉ ወደ ትግሉ የሚያመራ መንገድ አድርገው ያቀርቡታል። የቅኝ ግዛቱ ሰነዶች በበኩላቸው ስለ ቀንና ስለ ሥራ ቦታ ጠቃሚ ናቸው፤ ስለ ሰው ሐሳብ ግን ደካማ ምስክሮች ናቸው። ሦስተኛው የድርጅቱ ምሥረታ ቀን ነው። ፓርቲው የሚያከብረው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1956ን፣ ቢሳውን ነው፤ ይሁንና ካብራል በዚያ ዕለት ከተማዋ ውስጥ ስለመኖሩ፣ ምሥረታውም ከዚያ ዘግይቶ ስለመሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከባድ ክርክር አለ። ስለዚህ «ፓርቲው እንደሚለው በ1956» ብለው ይጻፉ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አያቅርቡት። ከሁሉም የማይጠረጠረው ቀን ኦገስት 3 ቀን 1959 ነው፤ በቢሳው የፒዥጊቲ ወደብ ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች ላይ ፖሊስ ተኩሶ በድርጅቱ አቆጣጠር ወደ 50 ሰዎች ተገደሉ። ካብራል በቦታው አልነበረም። በቀጣዩ ወር ቢሳው ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር በከተማ ከመታገል ይልቅ ወደ ገጠር መውጣትን ወሰኑ፤ ገጠሩን ደግሞ ከእነሱ መካከል እንደ እሱ የሚያውቀው አልነበረም።

ታሪኩን ለመጻፍ ሦስት መንገድ አለ። ከረሃቡ መጀመር ይቻላል፤ ስሜት ይቀሰቅሳል፣ ነገር ግን ሳይፈልጉ ወደ መሐላው ተረት ይስብዎታል፤ ረሃቡን ያዩ ብዙ ሺህ የደሴቶቹ ወጣቶች ለምን ታጋይ እንዳልሆኑም አያስረዳም። ከሊዝበን መጀመርም ይቻላል፤ ይህ ስለ ሐሳብ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይመቻል፤ ሆኖም ትግሉን ከውጭ የመጣ ትምህርት ያስመስለዋል፤ ጊኒንም ከታሪኩ ያወጣታል። የምመክርዎ ሦስተኛውን ነው። ከ1953 ይጀምሩ፦ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ መዝገብ ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ይህ ሰው ስለ ኦቾሎኒና ስለ ሩዝ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅን ከየት እንደተማረ በባፋታ፣ በሚንዴሎና በሊዝበን በኩል ያስረዱ። ረሃቡ በዚህ አቀራረብ ቦታውን አያጣም፤ እንዲያውም ምክንያት ያለው ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል።

ጽሑፉን በ1960 መጀመሪያ፣ ሊዝበንን ለቆ በስደት ወደ ትግሉ በገባበት ጊዜ ላይ ያቁሙት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ወጣትነቱም እዚያ ያበቃል። የጦርነቱን ታሪክ፣ ግድያውንና በሴፕቴምበር 1973 የታወጀውን ነጻነት በአንድ አንቀጽ ማስታወሻ ቢያስገቡ ይበቃል። ተማሪዎችዎ ከአገራቸው ጋር የሚያገናኝ ነገር ከፈለጉ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ1972 አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ በተሰበሰበ ጊዜ ካብራል ቀርቦ መናገሩን ይጥቀሱላቸው፤ ነገር ግን ያ የአርባ ሰባት ዓመት መሪ ንግግር ስለሆነ ከወጣትነቱ ታሪክ ጋር ሳይደባልቁ ለሌላ ክፍለ ጊዜ ያቆዩት።